ከውስጥ የተዘጉ በሮች

ሻርፑ ገመድ ላይ ነበር።

እናትየዋ ይህን ያወቀችው ለቅሶው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ታናሽ እህቷ የደረቀ ልብስ ታቅፋ በጓሮ በር ስትገባ ነው። ይህችን እህቷን ቤተሰቡ «ራዲዮ» ይላታል፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም።

«ይሄን ሁሉ ልብስ ፀሐይ ሊጨርሰው ነው እኮ እታለም። የሚያስገባው ሰው ይጥፋ?» እያለች ያቀፈችውን ሶፋው ክንድ ላይ ቆለለችው። ሁለት የትራስ ልብስ፣ የባልየው ሸሚዝ፣ ፎጣ። ከፎጣው ሥር ዳር ዳሩ ነጭ ዘርፍ ያለው ሰማያዊ ሻርፕ አጮለቀ።

እናትየዋ ስልኳን ይዛ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከእጇ አልወጣም። የምታየው ያንኑ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ልጇ በዚያች የመጨረሻ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ የላከችላትን። ከውስጥ የተነሳ የእንጨት በር። ጥግ ድረስ ተገፍቶ የተዘጋ የብረት መቀርቀሪያ። ከመቀርቀሪያው በላይ መስቀያ፣ መስቀያው ላይ ሰማያዊ ሻርፕ፣ ዳር ዳሩ ነጭ ዘርፍ ያለው።

ሶፋውን አየች። ስልኩን አየች። እንደገና ሶፋውን።

«ይሄ ሻርፕ መቼ ነው የተሰጣው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ያጠብሽው አንቺ።»

እውነት ነው፤ ያጠበችው እሷ ናት። ልጅቷ ለጉዞ ልትነሳ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ንጹሕ ይዛ ትሂድ ብላ አጠበችው፤ ሲነጋ አልደረቀም። «ተዪው እማ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገቴ ላይ አልጠመጥምም» ብላ ስማት ወጣች። እናትየዋ ስለ ብርዱ፣ ከብርዱ ስለሚመጣው የጉሮሮ ሕመም፣ ከጉሮሮው ስለሚነሳው የሳንባ ምች እየነገረቻት እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለቻት። ሻርፑ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከገመዱ አልወረደም።

እንግዲያው ፎቶግራፉ የዚያች ምሽት አልነበረም። ሻርፑ አብሯት በሄደበት በሌላ ጉዞ፣ በሌላ ክፍል የተነሳ የቆየ ፎቶግራፍ ነው።

ከሥሩ «ተዘግቷል። ደህና እደሪ» ይላል። እናትየዋ ያን ምሽት አይታው፣ ተመስገን ብላ፣ መብራት አጥፍታ ተኝታለች። ልጅቷ የተሳፈረችበት መኪና ከመንገድ ወጥቶ ገደል የገባው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር ውስጧ የሚመላለሰው፦ ልጄን ከዘጋችው በር ማን አስወጣት? አሁን ያስወጣት ሰው እንዳልነበረ ገባት። መጀመሪያውኑ በር አልዘጋችም። ልጅቷ ዋሽታታለች። ለምን እንደዋሸቻት ግን ሻርፑ አይናገርም።

ማልቀስ ያለባት እዚህ ላይ መሰላት። ጠበቀችው። አልመጣም። ሻርፑን አራት ቦታ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ሻይ ላምጣልሽ?» አለች ራዲዮ።

«ውሃው በደንብ ይፍላ። ማንቆርቆሪያውን ደግሞ ከጠረጴዛው ጫፍ አርቂው፣ ሕፃናት አሉ።»

በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች ራስ ለራስ ገጠሙ።

«አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም።»

«ድንጋጤ ነው። ኋላ ነው የሚመጣው።»

«ኧረ እሷስ ቀድማ ጨርሳዋለች። ልጅቷ በወጣች ቁጥር ስትቀብራት አይደል የኖረችው?»

እናትየዋ ሰማቻቸው። አልከፋትም፤ ነገሩ እውነት ነው። ልጇን በሐሳቧ ያልገደለችበት መንገድ አልነበረም። በጎርፍ አስወስዳታለች፣ በእባብ አስነድፋታለች፣ የማታውቀው ሰው ቤት በተበላሸ ምግብ አስመርዛታለች፣ ስንት ሌሊት ሌባ አስገብታባታለች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ሁሉንም ቀድሞ የፈራ ሰው ምንም አይደርስበትም የሚል የራሷ ስሌት ነበራት። ስትፈራ የኖረችውም እንደ ሥራ ነው። ያን ሌሊት ብቻ ምንም አላሰበችም። ፎቶግራፉ መጥቷላት ነበርና እንደ ሕፃን ተኛች።

ፍርሃቱን የለመደችው በባሏ ሥራ ነው። ባልየው ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ሌሊት ነው የሚወደው፤ «መንገዱ የኔ ብቻ ይሆናል» ይላል። እሷ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት መስኮት ሥር ቆማለች። ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሞላት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ አባቷ ይዟት ሄደ። አጎቷ የሰጣት አሮጌ ካሜራ ነበረቻት። ሲመለሱ እናትየዋ ፊልሙን አሳጠበች። ተራራ አገኛለሁ ብላ ነበር፤ ሐይቅ፣ ድልድይ፣ ቢያንስ ባሏን። ያገኘችው ድንጋይ ነው። ከኋላ ጎማ ሥር የተሸጎጠ፣ ዘይት የጠጣ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ ድንጋይ። አንድ ሁለቴ አይደለም፤ ከፊት፣ ከጎን፣ በጠዋት፣ በማታ።

«ይሄ ሁሉ ፊልም ለድንጋይ?»

አባትየው ሳቀ። «የኔ ድንጋይ ነው። ከመኪናው እኩል ነው ያረጀው። ዳገት ላይ ስናድር እሱን ነው የማስገባው። ቁጭ ብላ ስታየው ታመሻለች። ‘አባ፣ ይይዛል?’ ትለኛለች። ‘ይይዛል፣ ተኚ’ እላታለሁ። እሷም ትተኛለች።»

«እኛ ተኝተን እሱ ብቻ ነው የሚሠራው እኮ እማ» አለች ልጅቷ።

ካደገች በኋላ የጉዞ መጽሔት ቀጠራት። መጽሔቱ የሚፈልገው ፏፏቴና ሆቴል ነው፤ እሱንም ታነሳለች፣ ደመወዟን ታገኛለች። የራሷ ሥራ ግን ሌላ ነበር። እግሩ በሽቦ የተጠገነ በርጩማ። ቧንቧው ላይ በክር የታሰረ ሳሙና። መያዣው ተሰብሮ በጨርቅ የተጠቀለለ ማንቆርቆሪያ። አባቷ «መንገደኛዋ» የሚል ስም አወጣላት፤ ራዲዮ ደግሞ «ቆራሌዋ»።

«ሰው አገር አቋርጦ ሄዶ ያንን የሚያክል ቤተ መንግሥት ትቶ በርጩማ ያነሳል?» ትላታለች።

«ቤተ መንግሥቱማ ፎቶግራፍ መነሳት ሰልችቶታል፣ አክስቴ።»

የመቀርቀሪያ ፎቶግራፉን ያስጀመረቻት ግን እናቷ ናት። በመጀመሪያው ጉዞ ደውላ «በሩ ይዘጋል?» አለቻት። ይዘጋል። «ከውስጥ ነው?» ከውስጥ ነው። «በደንብ ገፍተሽ አይተሻል?» ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ፎቶግራፍ አንስታ ላከች። ከሥሩ «ተዘግቷል። ደህና እደሪ» ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። ባደረችበት ሁሉ፣ ከመተኛቷ በፊት፣ የተዘጋ በር። የናስ መቀርቀሪያ፣ የዛገ ሰንሰለት፣ ከእንጨት የተጠረበ መወርወሪያ፣ አንድ ቦታ ደግሞ በምስማር ላይ ሦስት ዙር የተጠመጠመ ሽቦ።

ሽቦውን ባየች ጊዜ እናትየዋ ተቆጣች። ልጅቷ ከጉዞ ስትመለስ ፎቶግራፉን አትማ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እስኪ እዪው እማ። ይሄን ሽቦ የጠመጠመው ሰው ስንቴ እንደጠመጠመው ተመልከቺ። አንድ ዙር ይበቃ ነበር። ሦስት አደረገው። ለምን ይመስልሻል?»

«ፈርቶ ነዋ።»

«አየሽ፣ ፏፏቴው ስለ ማንም አይነግረኝም። ይሄ ግን ይነግረኛል። በየሄድኩበት አንቺን ነው የማገኘው።»

እናትየዋ ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና አልለየችም። ፎቶግራፉን ግን መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።

አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ነገር መጥቶ ያውቃል። ልጅቷ የበሩ ቁልፍ ተበላሽቶባት፣ ወንበር ከእጀታው ሥር ሰክታ አንስታ ላከች። «ይሄም ይይዛል» ብላ ጻፈች። እናትየዋ ወዲያው ደወለች። ደግማ ደወለች። «ወንበር ቁልፍ አይደለም» አለቻት። «ወንበር ይንሸራተታል። አንድ ኃይለኛ ሰው ትከሻውን ቢሰጠው አለቀ።» ልጅቷ ብትስቅም፣ ብትለምንም፣ ደክሞኛል ብትልም አልሰማቻትም። በዚያ ዝናብ ዕቃዋን ሸክፋ ሌላ ማደሪያ ገባች። ያኔ ነው የሚዘጋ በር የላከችላት፤ እናትየዋም ያኔ ነው የተኛችው።

ከወንበሩ ወዲህ ሌላ ወንበር አልመጣም። እናትየዋ ሌላም ሕግ ነበራት፤ እሱም ሌሊት መንገድ አትሂጂ የሚል። በዚህ በኩል ልጅቷ አሳዝናት አታውቅም። ወይም እናትየዋ እንደዚያ ታምን ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጸሐፊው መጣ። በመጽሔቱ ላይ ልጅቷ ፎቶግራፍ ስታነሳ እሱ ጽሑፉን ይጽፋል፤ ሦስት ዓመት አብረው ተጉዘዋል። ያን ሌሊትም መኪናው ውስጥ ነበር። ግራ እጁ ጀሶ ውስጥ ሆኖ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቅንድቡ ተሰፍቷል። ወንበር ሰጡት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ።»

«ክንድህ ተሰብሮ ነው?»

«ሁለት ቦታ።»

«በትክክል ካልገጠመ ዕድሜ ልክ ነው የሚያሳምምህ። ሌላ ሐኪምም ይየው።»

«እሺ እናቴ።»

ራዲዮ ሻይ አምጥታ ከፊቱ አስቀመጠችና ለመስማት እንዲመቻት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እናትየዋ «ዳቦው አልቋል መሰለኝ፣ እስኪ እዪልኝ» አለቻት። ራዲዮ ዳቦው እንዳላለቀ ታውቃለች፤ ቢሆንም ሄደች።

«አልጋ አልያዛችሁም ነበር?»

ጸሐፊው ብርጭቆውን እያየ መለሰ። «ሞልቶ ነበር እናቴ። እዚያች ከተማ ውስጥ ያለው ማደሪያ ሁሉ ሞልቶ ነበር። ስብሰባ ነው መሰለኝ። ሹፌሩ ደግሞ መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ አለ።»

«ሁሉም ሞልቶ?»

«ሁሉም።»

ቶሎ ነው ያለው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደተለማመደው። ከዚያ እግሩ ሥር ያኖረውን ቦርሳ በደህናው እጁ አነሳና ሰጣት። «ካሜራዋ ነው። ሌንሱ ተሰብሯል፣ አካሉ ግን ይሠራል። እኔ አልከፈትኩትም።»

ቦርሳውን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ካሜራውን አልጋው ላይ አስቀምጣ ጥቂት አየችው። የሌንሱ መስታወት ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ አፈር ገብቷል። አከፋፈቱን ልጅቷ ራሷ አስተምራታለች። «ሦስት ማዕዘኗን ተጫኚ እማ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ሌላውን ነገር አትንኪ።» ሦስት ማዕዘኗን ተጫነች። ከኋላ ያለችው ትንሽ መስታወት በራች። ወደ ኋላ ጥቂት ሄዳ ያን ምሽት የተነሱትን አገኘች፤ ሰዓታቸው ከሥራቸው አለ። ሁሉም መልእክቱ ከመላኩ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ክፍል። የተነጠፈ አልጋ፣ ትራሱ ላይ የታጠፈ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ ያልተከፈተ ትንሽ ሳሙና። ማንም ያልያዘው ክፍል ነው። አልሞላም ነበር።

ቀጥሎ በር። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ከውስጥ የተነሳ። መቀርቀሪያው መኖር ባለበት ቦታ አራት የብሎን ቀዳዳዎች። በቀዳዳዎቹ መካከል ቀለም ያልነካው፣ የመቀርቀሪያ ቅርጽ ያለው ባዶ እንጨት። ተነቅሎ የተወሰደ ነው። ፎቶግራፉ ጥሩ ነበር፤ ይህን እሷም አየች። ብርሃኑ ከጎን መጥቶ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጥላ ጥሏል።

ቀጥሎ ወንበር፣ ከእጀታው ሥር የተሰካ።

ቀጥሎ ያው ወንበር፣ ቦርሳዋ ተጭኖበት።

ቀጥሎ አልጋው፣ ከነአንሶላው ተገፍቶ ከወንበሩ ጀርባ።

መጨረሻው ላይ አልጋው ወደ ቦታው ተመልሷል። አንሶላው ተስተካክሏል። ወንበሩም መስኮቱ ሥር ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ የነካችውን ዕቃ ወደ ቦታው መመለስ ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችው ነው። በሩ ተከፍቶ ኮሪደሩ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ የለም።

እናትየዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደዋሸቻት አሁን ገባት። ልጅቷ በሁለት ክልክሎች መካከል ቆማለች፦ በማይዘጋ ክፍል ማደር ወይም ሌሊት መንገድ መሄድ። ክፍሉን እናቷ በምትቀበለው መንገድ ልትዘጋው ሞከረች። ወንበሩን ብትልክ ስልኩ እንደሚጮህ ታውቃለች፤ የምትሰማው ቃልም አይጠፋትም። ስለዚህ የድሮ በር ላከችላትና እናቷን አስተኝታ መኪና ውስጥ ገባች።

ውጭ ራዲዮ ለአንዱ «ዳቦማ ሞልቷል» ትላለች።

ካሜራውን አጠፋች። ፊቷን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ወደ ሳሎን ስትመለስ ጸሐፊው ብድግ አለ። ዓይኗን ሲያይ፣ ያየችውን እንዳየች አወቀ።

«ሞልቶ ነበር አልከኝ» አለች።

«አዎ እናቴ።»

«እሺ። ሻይህ ቀዝቅዟል፣ ሌላ ይቅዱልህ።»

ማታ ባልየው ጠየቃት። ከቀብሩ ወዲህ ቀን ቀን ከእንግዳ ጋር ይቀመጣል፣ ማታ ማታ ጫማውን አውልቆ ጫማውን ያያል።

«ልጁ ምን አለሽ?»

«አልጋ ሁሉ ሞልቶ ነበር አለ።»

ባልየው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «ያጋጥማል። እኔን ራሴን ስንቴ አጋጥሞኛል። አልጋ ከሌለ ምን ታደርጊያለሽ፣ ትነጂያለሽ እንጂ።» ትከሻው ትንሽ ወረደ። እሱ ይህን ሊሸከመው ይችላል። የሞላ ከተማ የማንም ጥፋት አይደለም። እናትየዋ አየችው፤ ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ፣ ጫማውንም አንስታ ከአልጋው ሥር አስገባችለት።

በስድስተኛው ቀን ሰው ሳሳ። የተዋሱት ወንበር ወደየጎረቤቱ ሄደ። ብርጭቆው ታጥቦ ተደረደረ። ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ ራዲዮም ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

«በቃ እታለም፣ ቤቴ አይጥ ወሮት ይሆናል። ነገ እመጣለሁ። ምሳ እንዳትሠሪ፣ እኔ ይዤ ነው የምመጣው። ሾርባው ላይ ጨው በዛ እንዳትይኝ ብቻ።» የበሩ ደፍ ላይ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ያጣች መሰለች። «ዛሬ እንኳ ቆልፋችሁ ተኙ። ስድስት ቀን ሙሉ ክፍቱን ነው ያደረው።»

ልክ ነበረች። መርዶው ከመጣ ወዲህ በሩ ተቆልፎ አያውቅም፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ዘመድ ሳሎን ሲያድር፣ ማንም አላሰበውም። እናትየዋም አላሰበችውም። በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ራዲዮ ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ጠበቀች። በሩን ገጠም አደረገችው። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ነው። እጇን ወደ ቁልፉ ዘርግታ መለሰችው።

ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ጎተተች። ተራ ወንበር ነው፣ ጀርባው ላይ ሦስት አግዳሚ ያለው። በሩ ዘንድ አምጥታ ጀርባውን ከእጀታው ሥር አስገባች። የኋላ እግሮቹን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አጠበቀቻቸው። ከዚያ በጓሮ በር ወጣች፤ ባዶውን የልብስ ገመድ ጎንበስ ብላ አለፈች፤ ቤቱን ዞራ ከፊት በኩል ከራሷ በር ፊት ቆመች።

በእጇ ገፋችው። አልተነቃነቀም።

በሁለት እጇ ገፋችው። ወንበሩ ከውስጥ ትንሽ ጮኸና ዝም አለ።

ትከሻዋን ሰጠችው። ጥቂት ወደ ኋላ ሄዳ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ እንደገና ትከሻዋን ሰጠችው። አጥንቷ ድረስ ተሰማት። አንዴ ደግሞ። በሩ የፀጉር ያህል አልተከፈተም።

«ማነው?» አለ ባልየው ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ሆነሻል?»

«በሩን እያየሁት ነው።»

ድምፁ ዝግ ብሎ፣ ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከአልጋው፣ ከሩቅ መጣ።

«ይይዛል?»

ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደገፈች።

«ይይዛል» አለች። «ተኛ።»

ጫማዋን አነሳች። በመጣችበት ዞራ በጓሮ በር ገባች፤ እሱን ከኋላዋ ሸጎረችው። ወንበሩን ከእጀታው ሥር አላቀቀችና ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ተመልሳ በሩን ቆለፈች።